«ቀልድ ነበር» ብለሽ ፈርሚ

ኦክላንድ፣ ፌብሩዋሪ 11፣ 2025

እታገኝ ልጄ፣

ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰኝ። ለአንዲት ቃል ብለሽ ወረቀትና ቴምብር ማውጣትሽ ደስ አሰኝቶኛል፤ አሳስቦኛልም። ለገና ባለመምጣትሽ የጠየቅሽውን ይቅርታ አልቀበልም፣ ምክንያቱም አልተቀየምኩም። ብትመጪም ስንጯጯህ ነበር የምንውለው። የቀኝ ጆሮዬ ጭራሽ ተዘግቷል፤ የታዘዘልኝ ማዳመጫም ገና አልመጣም። ስልክ ከእኔ ጋር አይሆንም፤ በደብዳቤ መጻጻፋችን ይቀጥል።

ወደ ቃልሽ ልምጣ። እንግሊዝኛ ማስተማር ከተውኩ አርባ ዓመት አለፈኝ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ግን ዛሬም ከወንበሬ ያስነሳኛል። «ጄስት» ቀልድ ማለት ነው። ዛሬ በየመንገዱ የምትሰሚው ቃል አይደለም፤ አርጅቷል። የቀረው በመጽሐፍና በሕግ ወረቀት ላይ ነው። «ኢን ጄስት» ሲሉ እኛ «ለዋዛ ነው እንጂ ከልቤ አይደለም» እንደምንለው ነው። ፌዝ ብትዪው ይከብዳል፣ ቧልት ብትዪው ይቀላል። ዋዛ ይቀርበዋል።

ከየት መጣ ላልሽው ደግሞ፣ ትልቁን መዝገበ ቃላት አውርጄ ሳገላብጥ ዋልኩ። የሚገርምሽ፣ ሲወለድ ቀልድ አልነበረም። በላቲን «ጌስታ» የተሠሩ ሥራዎች፣ የተፈጸሙ ድርጊቶች ማለት ነው። ፈረንሳዮች ወስደው ጀግኖቻቸው የሠሩትን የሚተርኩበትን ግጥም በዚያ ስም ጠሩት። እንግሊዞችም ቃሉን ከእነሱ ሲቀበሉት ያን ጊዜ ገና ትረካ ነበር። እኛ ስለ ቅዱሳን ገድል እንደምንለው አስቢው። ከዚያ ተራኪው እየጨማመረ፣ ሰሚው እየሳቀ፣ ቃሉ ከሥራ ወደ ወሬ፣ ከወሬ ወደ መሳለቂያ፣ ከመሳለቂያ ወደ ቀልድ ወረደ። የነገሥታቱ አጫዋች «ጄስተር» የተባለውም መጀመሪያ ታሪክ ነጋሪ ስለነበር ነው።

አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። ሰባት ዓመት አረጋውያን ስትጦሪ እንዲህ ያለ ቃል ቸግሮሽ አያውቅም። የት አገኘሽው? ደብዳቤሽ ይህን ዘሎታል።

ዘርኡ

---

ሳን ሆዜ፣ ፌብሩዋሪ 16፣ 2025

ይከበሩ ጋሼ ዘርኡ፣

ስለ ቃሉ አመሰግናለሁ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መዝገበ ቃላቱን ሲያወርዱ ወገብዎን እንዳልጎዱት ተስፋ አለኝ።

የት አገኘሽው ላሉኝ፣ ሥራ ቦታ በሰጡኝ ወረቀት ላይ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ላስጨንቅዎ አልፈለግሁም ነበር። ከጃንዋሪ 22 ጀምሮ ከሥራ አግደው ሰስፔንድ አድርገውኛል። ከእኔ ጋር በአንድ ሺፍት የሚሠራ አንድ ነርስ ረዳት «ዛተችብኝ» ብሎ ሠራተኛ አስተዳደሩ፣ ኤችአር ዘንድ ከሰሰኝ። ያልኩት «እጅህን እሰብረዋለሁ» ነው። በእንግሊዝኛ ነው ያልኩት፣ ሁለት ሰው ሰምቷል፣ አልካድኩም።

እኛ አገር እናት ልጇን ቀኑን ሙሉ «እሰብርሃለሁ» ስትል እንደምትውል እርስዎ ያውቃሉ። እዚህ ግን ለፖሊስ ይደወላል። የሠራተኛ ማኅበራችን፣ የዩኒየናችን ተወካይ ደላይት የምትባል እዚሁ የተወለደች የሐበሻ ልጅ ናት። አማርኛ ትሰማለች፣ መልሷ ግን በእንግሊዝኛ ነው። እሷ ተከራክራ ከሥራ እንዳልባረር አንድ መንገድ አገኘችልኝ። የተናገርኩት ኢን ጄስት መሆኑን ጽፌ ከፈረምኩ ማስጠንቀቂያ ብቻ ይሰጡኝና እመለሳለሁ። እስከ ማርች 7 ጊዜ አለኝ።

«ጀስት ሳይን ኢት፣ አክስቴ» ትለኛለች። «ኢትስ ዋን ዎርድ።»

ለእሷ አንዲት ቃል ናት፣ ቶሎ ፈርሚ ነው፤ እኔ ደግሞ የማላውቀው ቃል ላይ መፈረም ፈራሁ። አሁን አወቅሁት። ስላወቅሁት ግን አልቀለለኝም።

እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጋሉ?

ልጅዎ እታገኝ

---

ኦክላንድ፣ ፌብሩዋሪ 20፣ 2025

እታገኝ፣

ፈርሚ።

ሰላምታዬን ያስቀደምኩ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ሳየው ረስቼዋለሁ። ይቅር በይኝ። እንደምን አለሽ? ብቻሽን ሦስት ሳምንት ቤት ተቀምጠሽ ለእኔ አንዲት ቃል አልተነፈስሽም።

ነገር ግን ፈርሚ። ነገ ዛሬ አትበዪ። ለሰው «ቀልድ ነበር» ብሎ የሚወጣበት በር ሁልጊዜ አይከፈትለትም። የሚከፈተው አንድ ጊዜ፣ ለአጭር ጊዜ ነው፤ አንዳንዱ ሰው ደግሞ በሩን የሚከፍትለት አጥቶ ይቀራል። ለአንቺ ይቺ ልጅ ከፍታልሻለች። ቃሉ ከላቲን ይምጣ ከሰማይ ይውረድ ምን ቸገረሽ! ያን ሁሉ የጻፍኩልሽ የሽማግሌ ወግ ነው፤ እርሺው። ሥራሽን ያዢ። እናትሽ ካንቺ ሌላ ማን አላት?

ክብር ምናምን የሚል ሐሳብ መጥቶብሽ ከሆነ እኔ ልንገርሽ፦ ክብር የሚባለው ሰው በቤቱ ሲያድር ነው።

ደግሞስ ስትናገሪው አልሳቅሽም ነበር?

ዘርኡ

---

ሳን ሆዜ፣ ፌብሩዋሪ 25፣ 2025

ጋሼ ዘርኡ፣

አልሳቅሁም።

ደብዳቤዎን ሳነብ የእርስዎ አልመስል ብሎኝ ፖስታውን ገልብጬ አየሁት። እርስዎ ተቆጥተው አያውቁም። ሳን ፓብሎ ያገኙልኝን ክፍል ያለ ማስታወቂያ ለቅቄ ስወጣ እንኳ አልተቆጡኝም። ስለዚህ የደበቅሁትን ልንገርዎና ከዚያ ይፍረዱ።

እማማ ፋጥና የምንላቸው አንዲት ኤርትራዊት እናት አሉ፤ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። አዲስ አበባ ኖረው፣ እዚህ መጥተው ልጅ አሳድገው፣ ባለፈው ዓመት ስትሮክ መታቸው። እንግሊዝኛው ጠፍቶ ትግርኛና አማርኛው ቀረ። ሲናገሩ ሌሎቹ ሠራተኞች ይቃዣሉ ነው የሚሉት። የሚገባኝ እኔ ብቻ ነኝ።

ዲሴምበር ላይ «ልጄ፣ ያ ሰውዬ እጄን ይጠመዝዘዋል» አሉኝ። እጅጌያቸውን ገልጬ አየሁ፣ በልዟል። ለአለቃችን ለሱፐርቫይዘሯ ነገርኳት። «በዚህ ዕድሜ ቆዳ ቶሎ ይበልዛል» አለችኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና ነገርኳት። ያንኑ መለሰች።

ጃንዋሪ 22 ጠዋት ፎጣ ይዤ ስገባ ያ የከሰሰኝ ረዳት ልብሳቸውን እየቀየረላቸው ነበር። እጃቸው ከእጅጌው አልወጣ ብሎታል። እሱ ይጎትታል፣ እሳቸው ይጮኻሉ። እጃቸውን ይዞ ወደ ኋላ አዞረው። እኔን ሲያዩ «አስለቅቂኝ ልጄ» አሉ። እጁን ይዤ «ከእንግዲህ ብትነካቸው እጅህን እሰብረዋለሁ» አልኩት። የሳቀው እሱ ነው። ስቆ ወጣና ከሰሰኝ።

አሁን ወረቀቱን ልንገርዎ። ሁለት ገጽ ነው። አንደኛው ላይ «የተናገርኩት ለቀልድ ነው» ይላል። ሁለተኛውን እስከ ትናንት በደንብ አላነበብኩትም ነበር። «በዕለቱ በታካሚዋ ላይ ተገቢ ያልሆነ ነገር ሲፈጸም አላየሁም» ይላል። ለደላይት ደወልኩላት።

«ሁለተኛውን ገጽ አንብበሽዋል?» አልኳት።

በአማርኛ፣ ስታወራ የሰማኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው፣ «አክስቴ፣ እኔ ሥራሽን ነው ያየሁት» አለችኝ።

እርስዎ ቃሉ ከሥራ ወደ ወሬ፣ ከወሬ ወደ ሳቅ ወረደ ብለውኝ ነበር። ይህም ወረቀት በእማማ ፋጥና እጅ ላይ የተሠራውን እንደዚያው ሊያደርገው ነው። ከፈረምኩ ያ ሰውዬ ነገ ጠዋት እዚያ ክፍል ይገባል። ልጃቸው ኢክራም ፕሌዘንተን ከተማ ቢሮ ነው የምትሠራው፣ የምትመጣው እሑድ እሑድ ነው። እስካሁን አልነገርኳትም። እፈራለሁ። እንጀራዬ ነው፣ የሙያ ፈቃዴ፣ ላይሰንሴ ነው። ጾሙ ከገባ ወዲህ እህል የሚባል በአፌ አልዞረም ብል አልዋሸሁም።

አንዳንዱ ሰው በሩን የሚከፍትለት አጥቶ ይቀራል ያሉት ስለ ማን ነው? እርስዎ ምን ሆነው ነው እንዲህ የተቆጡት?

እታገኝ

---

ኦክላንድ፣ ማርች 2፣ 2025

እታገኝ፣

ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ ቀድጃለሁ። የምታነቢው አምስተኛው ነው። በሱም ላይ ደፋር አይደለሁም።

የጠየቅሽኝ ሰው አባትሽ ነው።

ቤተ ክርስቲያን ግቢ መጀመሪያ ያገኘሁሽ ቀን የአባትሽን ስም ስትጠሪ «ሀብተሥላሴ፣ የፊዚክስ አስተማሪው?» ብዬ እንደ ጮህኩ ታስታውሻለሽ። ናዝሬት አንድ ትምህርት ቤት አብረን አስተምረናል አልኩሽ። ይህ እውነት ነው፤ ግማሹ። ሌላውን ግማሽ ሰባት ዓመት ሙሉ ከአንቺ ደብቄ ይዤው ኖርኩ።

በ1970 ዓመተ ምሕረት ነው። አባትሽ በሻይ ሰዓት በመምህራን ክፍል አንድ ቀልድ ተናገረ። ከእሱ ጋር አምስት ነበርን። የሰማነው ሁላችንም ሳቅን። ከአምስቱ አንዱ ግን ቀልዱን ወደ ቀበሌ ይዞት ሄደ። በሦስተኛው ቀን አባትሽን ወሰዱት፤ በአራተኛው እኛን ለምስክርነት ጠሩን። በዕድሜም በሥራም ቀዳሚ ስለሆንኩ መጀመሪያ የገባሁት እኔ ነኝ። የቀሩት ሁለቱ ደጅ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ በሩ አልተዘጋም።

የቀበሌው ሊቀመንበር ክፉ ሰው አይመስልም ነበር። የደከመው ይመስላል።

«ጓድ ዘርኡ፣ ሀብተሥላሴ የተናገረውን ሰምተሃል?» አለኝ።

መልሴን ሳይጠብቅ ቀጠለ።

«ይህ ሰው ለቀልድ ነው የተናገረው ወይስ ቅስቀሳ ነው? አንተ የቋንቋ ሰው ነህ። ለቀልድ ነው ካልከኝ እዚህ ጋ እጽፈዋለሁ።» እርሳሱን አንሥቶ ጠበቀኝ።

በአእምሮዬ የመጣው አባትሽ አይደለም። የራሴ ስም ነው። ያን ጊዜ ኤርትራዊ መሆን ብቻውን ያስጠረጥራል። ሰምቻለሁ ካልኩ፣ ስቀሃል ወይ ይለኛል። ስቄያለሁ ካልኩ፣ ምን አስቆህ ይለኛል።

«አልሰማሁም» አልኩ። «ጥግ ሆኜ የተማሪ ደብተር ሳርም ነበር።»

ሁለቱም ከደጅ ሰምተውኝ ነበርና ገብተው ያንኑ አሉ። የቀረው የከሳሹ ቃል ብቻ ሆነ። አባትሽ አራት ዓመት ታሰረ። እኔ በሁለተኛው ዓመት በሱዳን በኩል ከአገር ወጣሁ። እሱ ከእስር ከወጣ በኋላ እንደሚያነክስ የሰማሁት ከሰው ነው። አልጻፍኩለትም። ምን ብዬ?

እንግዲህ ያን የቁጣ ደብዳቤ የጻፈው ማን እንደሆነ አወቅሽ። ፈርሚ ያልኩሽ ለአንቺ ብዬ መስሎኝ ነበር። አይደለም። ያኔ እኔ ያላልኩትን ቃል ዛሬ በአንቺ አፍ ላስብለው ፈልጌ ነው። ያኔ «ቀልድ ነበር» ማለት እውነት ነበር፤ ሰው ያድን ነበር። ያንቺ «ቀልድ ነበር» ግን ውሸት ነው፤ ሴትዮዋን አሳልፎ ይሰጣል። አርባ ሰባት ዓመት ያንን ቃል ሳኝከው ኖሬ ሁለቱን መለየት አቃተኝ።

ምክሬን መልሼ ወስጃለሁ። ሌላ ምክር የመስጠት መብት ያለኝ አይመስለኝም። ለኢክራም ንገሪያት ብዬ ግን እለምንሻለሁ።

ይቅርታ አልጠይቅሽም። ይቅርታ የሚጠየቀው ሞቷል።

ዘርኡ

---

ሳን ሆዜ፣ ኤፕሪል 27፣ 2025

አቶ ዘርኡ፣

ፋሲካ እንዴት አለፈ? ሁለት ወር ሙሉ ዝም ማለቴን ይቅርታ ልጠይቅ አስቤ ነበር፤ ሳስበው ግን ይቅርታ የሚያስጠይቀኝ አልሆነም። እርስዎ የላኳቸው ሦስት ካርዶች ደርሰውኛል። ሁለቱን አልከፈትኳቸውም።

መጀመሪያ ስለ ሥራው ልንገርዎ፣ እሱ ይቀላል።

አልፈረምኩም። ማርች 3 ቀን ለኢክራም ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት። ምሳ ሰዓቷ ነበር፣ ከፕሌዘንተን እንዴት እንደነዳች አላውቅም፣ ከሰዓት በኋላ እናቷን ራጅ ታስነሳለች። የእጃቸው አንጓ ተሰንጥቆ በራሱ የገጠመ ነው፤ አሮጌ ስብራት ነው አሉ። ቆዳ ቶሎ ይበልዛል ስትለኝ የነበረችው ሱፐርቫይዘር አጥንት ቶሎ ይበልዛል ልትል አልቻለችም።

ከስቴቱ መንግሥት መርማሪ መጥታ ሁለት ሰዓት ጠየቀችኝ። አስተርጓሚ ትፈልጊያለሽ ወይ አለችኝ፣ አልፈልግም አልኩ። «ስትናገሪ እየቀለድሽ ነበር?» አለችኝ። «አይ፣ ከልቤ ነው» አልኩ። ደላይት አጠገቤ ተቀምጣ ዓይኗን ጨፈነች። መርማሪዋ ጻፈችው።

ሰውየው ተባርሯል። እኔም ተባርሬያለሁ። ዛቻ ዛቻ ነው ብለዋል፣ መልካም ሐሳብ ይኑርሽ አይኑርሽ። ላይሰንሴ ግን አልተነካም። ኢክራም እናቷን ወደ ቤቷ ወስዳቸዋለች፤ በሳምንት ሦስት ቀን እዚያ እሠራለሁ። ለቀሪው ሬድውድ ሲቲ አንድ ቦታ አመልክቼ እየጠበቅሁ ነው። «ለምን ለቀቅሽ?» ሲሉኝ ምን እንደምል አላውቅም። እማማ ፋጥና አሁንም ልብስ ሲቀየርላቸው እጃቸውን ከደረታቸው ሥር ይደብቃሉ፣ የኔ እጅ መሆኑን እያዩ። ያን ሳይ፣ ዲሴምበር ላይ ዝም ያልኩበት ሁለት ሳምንት ይቆጠርብኛል።

አሁን ስለ አባቴ።

አባቴ ስለ ማነከሱ ስንጠይቀው ከብስክሌት ወድቄ ነው ይለን ነበር። እናቴን ጠየቅኋት። «ታስሮ ነበር፣ ለምን እንደሆነ ግን ነግሮኝ አያውቅም፣ ያገባሁት ከወጣ በኋላ ነው» አለችኝ። የእርስዎን ስም ነገርኳት። አታውቀውም። አባቴ ክፉም ደግም ብሎ አንሥቶዎት አያውቅም። ይህ ይጥቀምዎ ይጉዳዎ አላውቅም፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው።

ሁለት ወር ስጠላዎ ከረምኩ። ለእናቴ የምልከውን ሻንጣ ኤርፖርት ድረስ የተሸከሙልኝን፣ ስታመም ሾርባ ይዘው በባርት ባቡር የመጡልኝን እያሰብኩ፣ «ዕዳውን እየከፈለ ነበር እንጂ እኔን ወዶ አይደለም» እል ነበር። አሁንም አንዳንድ ቀን እንደዚያ እላለሁ። ሌላ ቀን ደግሞ እርስዎ የተጠየቁበትን ያን የቀበሌ ክፍል አስበዋለሁ። እኔን የጠየቀችኝ ሴትዮ መሣሪያ አልያዘችም፤ ሆኖም ፈርቻታለሁ። እርስዎ ሃያ ሰባት ዓመትዎ ነበር። ከዚያ በላይ ማሰብ አልችልም፤ ሐሳቤ እዚያ ላይ ሲደርስ ይቆማል።

አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። አባቴ ሲቀልድ አይቼው አላውቅም። እኔ የማውቀው አባቴ ጋዜጣ የሚያነብ፣ ሬዲዮ የሚያጠፋ፣ እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ የሚገባ ሰው ነው። ያ አራት ዓመት ያስከፈለው ቀልድ ምን ነበር? በደብዳቤዎ ሁሉንም ነግረውኝ እሱን አልጻፉትም።

እታገኝ ሀብተሥላሴ

---

ኦክላንድ፣ ሜይ 1፣ 2025

እታገኝ፣

ከዚያ ቀን ወዲህ ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴም፣ ነፍሷን ይማርና፣ አልነገርኳትም። ስለዚህ ላበላሸው እችላለሁ። አባትሽ ሲናገረው ድምፁን ዝቅ፣ ቅንድቡን ከፍ አድርጎ ነበር፤ ያ በወረቀት አይመጣም።

ያን ሰሞን ጠዋት ማታ በሬዲዮ የሚለፈፈው «ማንቃት፣ ማደራጀት፣ ማስታጠቅ» ነበር። ሰፊውን ሕዝብ እናነቃዋለን፣ እናደራጀዋለን፣ እናስታጥቀዋለን። ተማሪውም ሰልፍ ላይ ይላል፣ ግድግዳውም ላይ ተጽፏል። መምህራን ክፍል ደግሞ አንዲት ግራጫ ድመት ነበረችን፤ የጠመኔው ካርቶን ላይ ትተኛለች። የሒሳቡ መምህር ጠመኔ ፈልጎ ሊያስነሳት እጁን ሰነዘረ።

«ተዋት! ተዋት ትተኛ!» አለ አባትሽ ሻዩን እንደያዘ። «ከነቃች ትደራጃለች። ከተደራጀች ትታጠቃለች። ያኔ ከመካከላችን አይጡ ማን እንደሚሆን አይታወቅም።»

ይኸው ነው።

የሒሳቡ መምህር ጠመኔውን ትቶ ተቀመጠ። አንዱ ሻይ በአፍንጫው ወጣ። አባትሽ ራሱ አልሳቀም፤ ሻዩን ፉት እያለ እኛን ያየን ነበር፣ በጣም ደስ ብሎት። ያን ጊዜ ሃያ አምስት ዓመቱ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ነበር፤ አንቺ ያላየሽው።

ከሁሉም አብልጬ፣ ጠረጴዛ እየመታሁ፣ እንባዬ እስኪፈስ የሳቅሁት እኔ ነኝ።

ዘርኡ